ብልጭ ድርግም የሚለው የፊት መብራት
ስለ አሮጌው ላንድሮቨር ሕመምና ስለ መድኃኒቱ

የገጠር ጉዞ የሥራው ክፍል የሆነ ሰው ሁሉ አሮጌ ላንድሮቨርን ሳያውቅ አይቀርም። ወንበሩ ደረቅ፣ ድምፁ ከፍ ያለ፣ በሮቹም አቧራና ነፋስ የሚያስገቡ ናቸው። ቢሆንም ሌላው መኪና ከቆመበት ጭቃና ገደላገደል እያለፈ ተሳፋሪውን ካሰበው ቦታ የሚያደርስ ታማኝ አገልጋይ ነው። ዳሩ ግን ታማኝ አገልጋይም ይታመማል። ሕመሙንም አስቀድሞ በምልክት ይናገራል። ምልክቱን በቀን አይቶ ችላ ያለ ሰው፣ ኋላ በሌሊትና በገደል አፋፍ ላይ ያስብበታል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ጥፋት ስለሆነ፣ አስቀድሞ ጥፋቱን፣ ቀጥሎም ትምህርቱን ለአንባቢ ያቀርባል።

በጣርማ በር ዳገት ላይ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በክረምት መግቢያ፣ ለመሥሪያ ቤት ሥራ በደብረ ሲና አካባቢ ሰንብቼ ነበር። የተሰጠኝ መኪና አሮጌ ላንድሮቨር ሲሆን፣ ነጂው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግራቸውም ጥቂት የሆነ ሰው ነበሩ። ከጉዞው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጥተው፣ «የፊቱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለጋራዥ የሚሆን ወረቀት ይፈርሙልኝ» ብለውኝ ነበር። እኔም ሦስቱንም ጊዜ፣ «ከመስክ ስንመለስ ይታያል፤ የምንጓዘው በቀን አይደለም ወይ?» ብዬ መለስሁላቸው።

ሥራችንን በፈጸምንበት ቀን ማታ፣ እራት በልተን ለመተኛት ስንሰናዳ አንድ ገበሬ በሩን መታ። ሚስቱ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ መሆኑን፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል እንድትሄድ ማዘዟን፣ የሚወስዳት መኪና ግን አለመገኘቱን እየተንቀጠቀጠ ነገረን። ነጂው ወደ እኔ ተመለከቱ፤ ምንም አልተናገሩም። የመኪናውን ቁልፍ አንሥተው ወጡ።

ከደብረ ሲና እስከ ደብረ ብርሃን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ ከዳገቱም አናት ላይ ጣልያኖች በወረራው ዘመን ያስቆፈሩት ዋሻ አለ። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር የሚበልጥ በመሆኑ ብዙ ጊዜ በጉም ይሸፈናል። በዚያም ሌሊት ጉሙ መንገዱን እንደ ነጠላ አልብሶት ነበር። ከኋላ ሴትዮዋ ታቃስታለች፤ እናቷ ራሷን በጉልበታቸው ላይ አስደግፈው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ከፊት ለፊት ደግሞ መንገዱ አንድ ጊዜ ይታያል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር ሁለቱም የፊት መብራቶች ድርግም ይሉና ተመልሰው ይበራሉ። በአንድ ጠመዝማዛ ስፍራ ላይ ግን ጠፍተው ቆዩ። ነጂው ፍሬን ይዘው መኪናውን አቆሙት። መብራቱ ተመልሶ ሲበራ የቀኙ ጎማ ከገደሉ አፋፍ የቀረው አንድ ክንድ ብቻ ነበር።

ነጂው ወደ ኋላ ዞረው፣ «አይዞሽ ልጄ፤ አሁን እንሄዳለን» አሉ። ወርደውም ከወንበሩ ሥር ሁለት ክንድ የሚሆን ሽቦ አወጡ። እኔ የእጅ ባትሪ ያዝሁላቸው። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከመኪናው አካል ጋር በተያያዘው የባትሪ ራስ ላይ አሰሩት፤ ሌላውን ጫፍ ከሁለቱ መብራቶች መመለሻ ሽቦ ጋር አገናኙት። ወዲያው መብራቶቹ ቢጫነታቸው ጠፍቶ ነጭ ሆነው በሩ። ነጂው የመኪናውን ግንባር በመዳፋቸው ደጋግመው ቢመቱትም ብርሃኑ አልተነቃነቀም። «ሌላ አይደለም፤ ማሳው ነው» አሉኝ።

ሆስፒታል ደረስን። ሊነጋ ሲል ሴት ልጅ በሰላም ተወለደች። ጠዋት በፀሐይ ብርሃን መኪናውን ስንመረምረው፣ ያን ሁሉ ጭንቅ ያመጣው አንድ የዛገ ብሎን ሆኖ አገኘነው። በብርጭቆ ወረቀት ፍቀን፣ አጥብቀን ለማሰር የወሰደብን ጊዜ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሦስት ጊዜ የነፈግሁት ፊርማ ለዚህ ነበር።

ብርሃን የሚሄድበት ጎዳና

የመኪና መብራት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ ለማወቅ፣ ኤሌክትሪክ የሚሄድበትን ጎዳና ማወቅ ያስፈልጋል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ተነሥቶ በነጂው ፊት ወዳለው የመብራት ማብሪያ ይሄዳል፤ ከዚያም ረጅሙንና አጭሩን መብራት ወደሚለዋውጠው ማብሪያ ያልፋል፤ ቀጥሎ በሽቦ ወደ አምፑሉ ይደርሳል። በዚህ ግን አያበቃም። ከአምፑሉ ወጥቶ ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። የሚመለስበትም ጎዳና የመኪናው ብረት ራሱ ነው። ባለጋራዦች ይህን መመለሻ «ማሳ» ይሉታል። እንግዲህ ጉዞው እንደ ቀለበት ክብ ነውና፣ ቀለበቱ በየትኛውም ቦታ ቢላላ ወይም ቢዝግ ብርሃኑ ይደክማል፤ መኪናው በተንገጫገጨ ጊዜም ይቆራረጣል።

በላንድሮቨር ላይ ይህ ችግር የሚበረታበት የራሱ ምክንያት አለው። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። በዚያን ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣ ብረት በእንግሊዝ አገር እጥረት ስለነበረበት፣ የመኪናው ልብስ ከአሉሚኒየም ቅይጥ፣ አጥንቱ ግን ከብረት ተሠራ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ስለማይዝግ ብዙ አሮጌ ላንድሮቨሮች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ማዕድኖች ተነካክተው እርጥበት ሲገባባቸው አንደኛው ሌላውን ይበላዋል። ከመካከላቸውም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣል። ይህ ዱቄት ኤሌክትሪክን አያሳልፍም። ስለዚህ ብሎኑ ከውጭ ሲታይ የጠበቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን መንገዱ ተዘግቷል።

ጉዳቱን በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። ሁለት ባለ 55 ዋት አምፑሎች በ12 ቮልት ሲበሩ ወደ 9 አምፔር ይስባሉ። በዛገው መጋጠሚያ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ የሚሆን እንቅፋት ቢኖር፣ ወደ 1 ቮልት የሚጠጋ ኃይል በዚያ ይቀራል። አንድ ቮልት ትንሽ ይመስላል፤ የአምፑል ብርሃን ግን ከቮልቱ ይልቅ እጅግ በፍጥነት የሚቀንስ ስለሆነ፣ ከብርሃኑ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። የጠፋውም ኃይል በመጋጠሚያው ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሽቦውን ልብስ ያቀልጣል። ስለሆነም የሚንቀጠቀጥ መብራት የዐይን ችግር ብቻ ሳይሆን የእሳት አደጋ ምልክትም ነው።

ከመንካት በፊት መጠየቅ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። መኪና በሽታውን አይደብቅም፤ የሚጠይቀው ሰው ግን ያስፈልገዋል። ብዙ ሰው መብራቱ ሲንቀጠቀጥ አምፑል ገዝቶ ይቀይራል፤ አምፑሉ ግን ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሣት በፊት የሚከተሉትን አምስት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባል።

1ኛ፤ የሚንቀጠቀጠው አንዱ መብራት ነው ወይስ ሁለቱም? አንዱ ብቻ ከሆነ ሕመሙ በዚያው መብራት አጠገብ ነው። አምፑሉን፣ የአምፑሉን መሰኪያና የእርሱን ማሳ መመልከት ይበቃል። በ1960ዎቹ ማብቂያ ላይ የላንድሮቨር የፊት መብራቶች ከመካከለኛው ፍርግርግ ተነሥተው ወደ ፓራፋንጎዎቹ ስለተዛወሩ፣ ከዚያ ወዲህ በተሠሩት ላይ ጎማው የሚረጨው ጭቃና ውኃ ከመብራቱ ጀርባ ያሉትን መጋጠሚያዎች በቀላሉ ያገኛቸዋል።

2ኛ፤ ሁለቱም የሚንቀጠቀጡት በአጭሩ መብራት ብቻ ነው ወይስ በረጅሙም ጭምር? በአንዱ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በመለዋወጫው ማብሪያ ላይ ይወድቃል። በብዙ አሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ ይህ ማብሪያ በግራ እግር የሚረገጥ ሆኖ ከወለሉ ላይ ተተክሏል። ስለዚህ በጫማ የሚገባ ጭቃ፣ በዝናብም የሚገባ ውኃ ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል።

3ኛ፤ በረጅሙም በአጭሩም የሚንቀጠቀጡ ሆነው፣ ከነጂው ፊት ያሉት የመለኪያ መብራቶች ግን ጸንተው ይበራሉን? እንዲህ ከሆነ ባትሪው ደኅና ነው። ሕመሙ በዋናው ማብሪያ፣ በሽቦ መጋጠሚያዎች ወይም ሁለቱ መብራቶች በሚጋሩት ማሳ ላይ ነው። በጣርማ በር ያጋጠመን ይህ ነበር።

4ኛ፤ የመኪናው መብራት ሁሉ አብሮ ይንቀጠቀጣልን? ሁሉም አብረው የሚደክሙና የሚበረቱ ከሆነ ምንጩን መመርመር ይገባል። ይኸውም የባትሪው ራሶች፣ ባትሪውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ወፍራም ገመድ፣ የዲናሞው ቺንጊያ፣ ዲናሞውና የኃይል መቆጣጠሪያው ነው። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ብርሃኑ ቀላ ብሎ፣ ነዳጅ ሲሰጠው የሚነጣ ከሆነ ግን፣ በአሮጌው ዲናሞ ላይ ይህ በመጠኑ የተፈጥሮ ጠባይ ነው። አሮጌ ዲናሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር በቂ ኃይል አይሰጥም። ኋላ የመጣው አልተርኔተር ይህን ድካም በብዙው አስቀርቶታል።

5ኛ፤ መብራቱ የሚጠፋውና የሚበራው በመንገዱ መንገጫገጭ ነው ወይስ እንደ ሰዓት እየቆጠረ? መኪናው ቆሞ ሳለ ጥቂት ደቂቃ በርቶ የሚጠፋ፣ ጥቂት ቆይቶም ራሱ የሚበራ ከሆነ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። በአንዳንድ የአሜሪካ ጂፖች ላይ በመብራት ማብሪያው ውስጥ ሲሞቅ የሚያቋርጥ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያገናኝ ጠባቂ አለ። ጠባቂው የሚያቋርጠው አንድ ሽቦ ተልጦ ብረት ስለነካ ወይም ከሚገባው በላይ የሚስብ አምፑል ስለተገባ ነው። ጠባቂውን ዘልሎ ሽቦ ማገናኘት ዘበኛን አስሮ ለሌባ በር እንደ መክፈት ይቆጠራል።

አመራመሩ

ምርመራው ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት ክንድ የሚሆን ሽቦ፣ ቢገኝም ቮልት መለኪያ ይበቃል። መኪናውን በማታ ጊዜ ከግድግዳ ፊት ለፊት ማቆም ጥሩ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ ይብራ። አንድ ሰው ሽቦዎቹን ተራ በተራ በቀስታ ይነቅንቅ፤ ሌላው ግድግዳው ላይ ያለውን ብርሃን ይመልከት። ለዚህ ሥራ የቤት ልጅ ከትልቅ ሰው ይልቅ ይተጋል። ልጁ «አሁን ጠፋ!» ባለ ጊዜ የተያዘው ሽቦ ወይም መጋጠሚያ ሕመሙ ያለበት ነው።

ቀጥሎ መጋጠሚያዎቹን በጣት ጫፍ መዳሰስ ይገባል። መብራቱ አሥር ደቂቃ ያህል ከበራ በኋላ ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቅ መጋጠሚያ ቢገኝ፣ ኃይል እየቀረ ያለው በእርሱ ላይ ነው። በጣም ሊሞቅ ስለሚችል በጥንቃቄ መንካት ነው።

ማሳውን ለመፈተን ነጂው በዚያ ሌሊት ያደረጉትን ማድረግ ይበቃል። የሽቦውን አንድ ጫፍ ከአካሉ ጋር በተያያዘው የባትሪ ራስ ላይ፣ ሌላውን በመብራቱ መመለሻ ሽቦ ላይ ማድረግ ነው። ብርሃኑ ከጸና ጥፋቱ የማሳው ነው። ዳሩ ግን ይህ ሽቦ በስሕተት ሌላውን የባትሪ ራስ ቢነካ ወዲያው ይግላል፤ እጅንም ያቃጥላል። ስለዚህ የትኛው ራስ ከአካሉ ጋር እንደተያያዘ ገመዱን በዐይን ተከትሎ ሳያረጋግጡ መጀመር አይገባም። ይህም በተለይ ለአሮጌ ላንድሮቨር ያስፈልጋል፤ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ከተሠሩት ብዙዎቹ ከአካላቸው ጋር የተያያዘው እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች ኔጌቲቩ ሳይሆን ፖዘቲቩ ነውና።

ቮልት መለኪያ ያለው ሰው ከዚህ የጠራ መልስ ያገኛል። መብራቱ በርቶ ሳለ የመለኪያውን አንድ እግር ከአካሉ ጋር በተያያዘው የባትሪ ራስ ላይ፣ ሌላውን በመብራቱ ማሳ ላይ ያኑር። ንባቡ ከ0.2 ቮልት የሚበልጥ ከሆነ ማሳው ታሟል። እንዲሁም አንዱን እግር በሌላው የባትሪ ራስ ላይ፣ ሁለተኛውን ኤሌክትሪክ ወደ አምፑሉ በሚገባበት ጫፍ ላይ አድርጎ ያንብብ። እስከ 0.5 ቮልት ቢሆን መልካም ነው፤ 1 ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በመንገድ ላይ እንቅፋት አለ። እንቅፋቱን ለማግኘት ሁለተኛውን እግር ከአምፑሉ ወደ ኋላ እያንቀሳቀሱ በየመጋጠሚያው ማንበብ ነው። ንባቡ በድንገት የወረደበት ስፍራ ሲገኝ፣ ሕመሙ በዚያ ስፍራና ከእርሱ በፊት በተነበበው መካከል አለ ማለት ነው።

ባትሪውንም መመርመር ተገቢ ነው። ያረፈና የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ባለው መካከል ሊሆን ይገባል። ከ15 ቮልት በላይ ከወጣ መቆጣጠሪያው ተበላሽቷል፤ አምፑሎችም እየተከታተሉ ይቃጠላሉ። ወደ 12 ቮልት ከቀረ ደግሞ ዲናሞው አይሠራም ወይም ቺንጊያው ላልቷል። ቺንጊያው ሞተሩ ጠፍቶ መካከሉን በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጎብጥ በቂ ነው።

መድኃኒቱ

ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ሕክምናው ቀላል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ መፍታት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የሚፈታው ከአካሉ ጋር የተያያዘው ነው፤ ሲገጠምም መጨረሻ የሚታሰረው እርሱ ነው። ይህ ሥርዐት ቢጠበቅ መፍቻው ብረት ቢነካ እንኳ የእሳት ብልጭታ አይነሣም። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በእሳት የሚፈነዳ ስለሆነ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ ክልክል ነው። ቀለበትና የእጅ ሰዓትም ከሥራው በፊት ይውለቅ።

የማሳውን ብሎን ፈትቶ፣ ብሎኑንም፣ የሽቦውን ጫፍም፣ ብሎኑ የሚያርፍበትን ብረትም ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ በሥሩ ቀለም እንዳይቀር። አጥብቀው ካሰሩት በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቢቀቡት ውኃ አይገባበትም። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ከእያንዳንዱ መብራት ማሳ እስከ መኪናው የብረት አጥንት ድረስ አዲስ ሽቦ መዘርጋት ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ለዚህ ይበቃል። እንዲህ ሲሆን ኤሌክትሪኩ በአሉሚኒየሙ ልብስ በኩል መዞሩ ይቀራል።

በእንግሊዝ አገር በተሠሩ አሮጌ መኪናዎች ላይ ሽቦዎቹ የሚገናኙት ጥይት በሚመስሉ ትንንሽ ጫፎች ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ጠርጎ መመለስ ያስፈልጋል። የያዛቸው ቱቦ የላላ ወይም የተሰነጠቀ እንደሆነ መቀየር ይገባል። የሽቦዎቹን ቀለም ማወቅም ሥራውን ያቀልላል። ጥቁሩ ማሳ ነው፤ ሰማያዊው የፊት መብራት ነው፤ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ያለው ለረጅሙ መብራት፣ ቀይ መስመር ያለው ለአጭሩ ነው። ነገር ግን በሃምሳ ዓመት ውስጥ ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅምና፣ ቀለሙን ብቻ አምኖ ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም።

ዋናው ማብሪያ ደክሞ ከሆነ ወይም መኪናው በሌሊት ብዙ የሚሠራ ከሆነ፣ «ሬሌ» የተባለውን መሣሪያ መጨመር ትልቅ ጥቅም አለው። ሬሌ የነጂው ማብሪያ በሚሰጠው ጥቂት ኃይል ተቀስቅሶ፣ ብዙውን ኃይል በቀጥታ ከባትሪው ወደ መብራቶቹ የሚያሳልፍ ነው። አሮጌው ማብሪያ 9 አምፔር መሸከሙ ቀርቶ ከአንድ አምፔር በታች ብቻ ይሸከማል። ከባትሪው በሚነሣው አዲስ ሽቦ ላይ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ መግባት አለበት። በብዙ አሮጌ ላንድሮቨሮች ላይ የፊት መብራት ሽቦ ፊውዝ ስለሌለው ይህ ጥበቃ በእጅጉ የሚፈለግ ነው።

ሊደረጉ የማይገባቸው

ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ወረቀት ብር ወይም ምስማር በስፍራው ማኖር በየመንገዱ የሚታይ ልማድ ነው። ይህ ልማድ መኪናን ያቃጥላል። ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነውና ምክንያቱን መፈለግ ይገባል።

በደካማ ሽቦ ላይ ባለ 100 ዋት አምፑል ማስገባት ብርሃን አይጨምርም፤ ሙቀት እንጂ። በዚህ ዘመን በገበያ የሚገኘው የኤል ኢ ዲ አምፑልም በአሮጌ መኪና ላይ ተጠንቅቀው የሚገዙት ነው። ጥቂት ኃይል መፈለጉ እውነት ነው፤ ሆኖም አሮጌው ዲናሞና መቆጣጠሪያው የሚሰጡት ኃይል እኩል ስላልሆነ፣ ክር ያለው አምፑል የማያሳየውን መንቀጥቀጥ እርሱ ያሳያል። ማሳው ፖዘቲቭ በሆነ መኪና ላይ ደግሞ ፈጽሞ ላይበራ ይችላል። በሌላ መብራት መያዣ ውስጥ ሲገባ ብርሃኑን ወደሚመጣው ሰው ዐይን የሚረጭበት ጊዜም አለ።

መብራቱ በመንገድ ላይ ቢጠፋ

በጉዞ ላይ መብራቱ ቢቆራረጥ ፍጥነት ቀንሶ ከመንገድ ወጥቶ መቆም የመጀመሪያው ተግባር ነው። አጭሩ ከጠፋ ረጅሙን፣ ረጅሙ ከጠፋ አጭሩን መሞከር ነው። በጉም ውስጥ ግን ረጅሙ መብራት ተመልሶ የነጂውን ዐይን ስለሚያሳውር አይጠቅምም። በጨረቃ ብርሃን ወይም የፊተኛውን መኪና ጭራ ተከትሎ መንዳት እንደ ጀግንነት ሲነገር ይሰማል፤ በዚያው መንገድ ከብት የሚነዳ ልጅና ከገበያ ያመሸ እግረኛ መኖራቸው ግን መታሰብ አለበት።

መኪና የቆመበት ነጂ ከኋላ ለሚመጣው ምልክት እንዲሆን ቅጠልና ድንጋይ በመንገዱ ላይ ማኖሩ በአገራችን የታወቀ ነው። አንጸባራቂ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ቢኖር ከዚህ ይበልጣል። ድንጋይ ያኖረ ሰው ግን ሲነሣ ማንሣቱን አይርሳ። ለራሱ ጥበቃ ያኖረው ድንጋይ ለሌላው ሰው ሞት እንዳይሆን።

ከባለጋራዡ ጋር ለመነጋገር

አማርኛ በመማር ላይ ያለ አንባቢ ጋራዥ ሲሄድ መዝገበ ቃላቱ ብዙ ላይረዳው ይችላል። የጋራዥ ቋንቋ ብዙው ከጣልያንኛ የመጣ ነውና። የሞተሩ ክዳን ኮፈን፣ የጎማው ጥላ ፓራፋንጎ፣ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ፣ በብሎን ላይ የሚታሰረው ዳዶ፣ የኤሌክትሪኩ መመለሻ ማሳ ይባላል። «መብራቱ አይሠራም» ብቻ ብሎ ከመናገር ይልቅ፣ «ሁለቱም መብራቶች መኪናው ሲንገጫገጭ ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ማሳውን እዩልኝ» ያለ ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም ያድናል። ባለሙያውም ያከብረዋል።

የሥራ ኃላፊና የቤተ ሰብ አባት የሆነ ሁሉ በወር አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ መኪናውን ከግድግዳ ፊት ለፊት አቁሞ መብራቱን ቢያይ፣ መጋጠሚያዎቹንም ቢነካካ የሚያጠፋው ሩብ ሰዓት ነው። ከዚህም በላይ ነጂው «አንድ ነገር አለ» ሲል መስማት ይገባል። ነጂ መኪናውን እንደ እረኛ ከብቱን ያውቃል፤ እኛ ከቢሮ ሆነን የማናየውን እርሱ በእጁና በጆሮው ያገኘዋል። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ሳይፈረም አላደረም። ነጂዬም በጉዳዩ ላይ ዳግመኛ አንሥተውብኝ አያውቁም። ያችን ሁለት ክንድ ሽቦ ግን እስከ ጡረታቸው ድረስ ከወንበራቸው ሥር አላወጧትም።